የሚንቀጠቀጠው ማክሮ

ፍቅራችን የጀመረው ሻይ በመድፋት ነው። የደፋሁት እኔ ነኝ፤ የተደፋበት ኪቦርድ ደግሞ የእሷ።

ወደ ቢሯችን ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት ተብሎ ከመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጣት። እኔ በዚያ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሪፖርት ሠሪ ነበርኩ፤ ወንበሬ ቅርፄን እስኪይዝ ድረስ የቆየሁ። ብርጭቆዬን ይዤ በጎኗ ሳልፍ ቀኝ እጄ ዘለለ። ዘለለ የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ፣ ሻዩ ሄደ።

«ይቅርታ! ይቅርታ... ቆይ እኔ ልጥረገው!»

«ተወው፣ ተወው! ስኳር አለው?»

«በደንብ!»

ኪቦርዱን ገልብጣ እያራገፈች ቀና ብላ አየችኝ። ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ ቀደማት።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጣፋጭ ጣፋጭ ነገር ነው የምጽፈው!»

አብሬያት ሳቅኩ። እጄን ግን ወዲያው ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የነርቭ በሽታ ነው አለኝ። ከእጅ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ወደ ሌላው አካል ይሄዳል፣ በመጨረሻ ምላስንም ይይዛል። «መድኃኒቱስ?» ስለው የብዕሩን ክዳን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። «ቀስ እንዲል እንመኛለን» አለኝ። ሐኪም ሲመኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። ተስፋዬ የተቆረጠው ያኔ ነው። በማግስቱ ሥራ ገብቼ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን የመድኃኒት ካርቶን ሳየው ሳቄ መጣ። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ለእኔ የሚሆን አንድም አልነበረም።

ሥራዬ ደግሞ የጣት ሥራ ነው። ቅርንጫፎቹ ያለቀባቸውን መድኃኒት በየጠዋቱ በኤክሴል ይልካሉ። እኔ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቼ፣ ቀድቼ፣ አንድ ሠንጠረዥ ላይ እየለጠፍኩ እደምራለሁ፤ መኪኖቹ የሚጫኑት ያንን ሠንጠረዥ ይዘው ነው። ቅዳ፣ ለጥፍ፣ ቅዳ፣ ለጥፍ። ጣቴ አንድ ሴል፣ አንዲት የሠንጠረዥ ሳጥን ከሳተ የአንዱ ቅርንጫፍ መድኃኒት ለሌላው ይሄዳል። ስስት፣ ስመለስ፣ ሳርም እየዋልኩ በላብ እጠመቃለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው። «ምስኪን፣ ታመመ እኮ» እየተባሉ ከመታየት የሚከፋ ነገር አይታየኝም ነበር። የምፈልገው ሥራዬን ይዤ፣ ሰው ሳያውቅብኝ፣ በተለይ ደግሞ እሷ ሳታውቅብኝ መቆየት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆሜ አንዲት ቁልፍ ስትጫን አየሁ። የተዘበራረቀው ሠንጠረዥ ራሱን በራሱ አስተካክሎ ቁጭ አለ።

«ምን አደረግሽው?»

«ማክሮ ነው። ሥራውን አንዴ ታስተምረዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ መጫን ብቻ።»

«በአንድ ቁልፍ?»

«በአንድ ቁልፍ።»

«አስተምሪኝ!» ሳላስበው ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ ቀስ! ምን አስቸኮለህ?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ሰነፍ ነኝ» አልኳት።

«ጎሽ! ማክሮ የተሠራው ለሰነፍ ነው። ጎበዝማ በእጁ ይለፋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሰነፉ» ሆነ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እስክረሳው ድረስ ወደድኩት።

ትምህርቱ በምሳ ሰዓት ነበር፣ ቢሮው ጭር ሲል። ወንበሯን ወደ ወንበሬ ትጎትትና ዳቦዋን ገምሳ ግማሹን እኔ ፊት ታስቀምጣለች። እኔ ግን እሷ እያየችኝ አልቆርሰውም። «ቆይ፣ አልራበኝም» እላለሁ።

«ከመቅጃው እንጀምር» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «ታበራዋለህ። ከዚያ የምትነካውን ሁሉ እየተከተለ ኮድ አድርጎ ይጽፈዋል። ስትጨርስ ታጠፋዋለህ። በቃ፣ ማክሮ ሆነ ማለት ነው። ግን ተጠንቀቅ፤ ስህተትህንም ይቀዳል። የተሳሳተ ሴል ነክተህ ብትመለስ እሱም ሁልጊዜ እዚያው ሄዶ ይመለሳል።»

«ስህተቱን አይዘለውም?»

«ምን ቸገረው? እሱ አይፈርድብህም። እንዳለህ ይቀዳሃል።»

ደነገጥኩ። እሷ ፊት መቅጃውን ማብራት አልደፈርኩም። «አንቺ ሥሪው፣ እኔ ልይ» እላታለሁ። «ሰነፍ!» ትለኛለች፣ ትስቃለች፣ ትሠራዋለች። ፋይሎቹን በየተራ እንዴት እንደሚከፍት፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ እንዴት እንደሚደጋግም፣ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። ጭንቅላቴ ደህና ነበር። እንዲያውም ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ከሰዓት ሁሉም ስብሰባ ሲገቡ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። መቅጃውን አበራሁና የአንዱን ቅርንጫፍ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ። አጠፋሁት። ከዚያ ቁልፏን ተጫንኩ።

ጠቋሚው ተነሣ። ቢ ሰባት የምትባለው ሴል ላይ ማረፍ ሲገባው ቢ ስምንት ላይ ወደቀ፤ ተመለሰ፤ ዘጠኝን ነካ፤ እንደገና ወደ ሰባት... በየሴሉ እንደዚያው። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስክሪኑ ላይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል! ጤነኛ እጅ ይሆንልኛል ያልኩት ማሽን በሽታዬን ተምሮ ቁጭ አለ። ድምሩ ልክ መጣ፤ እኔ ስህተቴን ሁሉ እያረምኩ ስለሄድኩ እሱም እያረመ ነው የጨረሰው። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ነገሩን አቅልዬ ጠየቅኳት።

«ሲሠራ ስክሪኑ እየተርገበገበ ዓይኔን ያስቸግረኛል። ማስቆም ይቻላል?»

«አንድ መስመር ናት። መጀመሪያው ላይ ጻፋት። ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራና ውጤቱን ብቻ ያሳይሃል። ይፈጥንልሃልም።»

ኮዱን አጽድቼ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ፤ ያን ሁሉ መስመር የሚጽፍ ጣት ግን አልነበረኝም። በግራ እጄ ሌባ ጣት ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣ በየፋይሉ የሚያዞረውን ትእዛዝና ያቺን የመጋረጃ መስመር ብቻ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላየም። ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሪፖርቱ ይወጣል።

ከሥራ ስንወጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ አብረን መሄድ ጀመርን። ስለ እኔ ምንም አልነግራትም፤ እሷ ግን ስለ ራሷ ታወራልኛለች። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ እንደነበሩ፣ ከእሳቸው የወረሰችው ፈትቶ የመግጠም ሱስ እንደሆነ፣ ያልገባትን ነገር ትታ መተኛት እንደማትችል። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ልብ አላልኩትም።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ኪስህ ላይ ተሰፍቷል እንዴ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ደሜ ቀዝቃዛ ነው።»

መንገዱ መሃል ቆመች። ሰዉ እየገፋን ያልፋል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ሰነፉ... እወድሃለሁ። ምነው፣ ይህንንም እኔው ልሥራልህ? ስንፍናህ እኮ ልክ አጣ!»

እኔም እወድሻለሁ አልኳት። እንዴት አልላት? በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀን ጨንቆኝም አያውቅም። እጇን ስትዘረጋልኝ ግራ እጄን ሰጠኋት። ግራው ገና አልጀመረውም ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አለቃችን ሪፖርቱ ገና በማለዳ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ባየ ጊዜ በሰው ፊት አስጨበጨበልኝ። ከዚያ ቢሮው ጠራኝ።

«አንተ ልጅ ጉድ ሠራህ! ጸሐፊዋ ሞከረችው፤ ቁልፏን ነካች፣ ወጣ! ከእንግዲህ ያንተ ጊዜ እዚያ አይባክንም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ታች መጋዘኑ ውስጥ ሰው ጎድሎናል። ካርቶን መረከብ፣ መደርደር፣ መጫን። ደሞዝህ አይነካም፣ አይዞህ!»

ካርቶን! በእነዚህ እጆች! የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። እዚያው «ታምሜያለሁ» ብለው ኖሮ ምናልባት ያዝንልኝ ነበር። ማዘኑን ነው የጠላሁት። በሽታዬን ለመደበቅ የተማርኩት ማክሮ ወንበሬን ከሥሬ ሳበው። መልቀቂያዬን ጸሐፊዋ ተየበችልኝ፤ እኔ መፈረም ብቻ ነበረብኝ፣ ፊርማዬም የእኔን ፊርማ አይመስልም ነበር።

የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። እሷንም ሳትለቀኝ በፊት ልለቃት ወሰንኩ። ፈትታ የምትገጥም፣ የምትስቅ፣ የምትሮጥ ሰው ናት፤ ቀሪ ዕድሜዋን እኔን በማንኪያ እያጎረሰች ልትጨርሰው?

ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ካርቶን ከብዶት ለቀቀ እያሉ ይስቃሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሰነፍ ነኝ ብዬሻለሁ።»

«እሺ፣ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን። አብረን...»

«አብረን የሚባል ነገር የለም።»

«ምን አልከኝ?»

«የፈለግኩሽ ለማክሮው ነበር። ተማርኩ፣ አለቀ።»

ከላይ በር ሲዘጋ ተሰማ። እሷ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ዓይን ዓይኔን እያየህ ድገመው።»

ግንባር ግንባሯን እያየሁ ደገምኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

«ይብላኝልህ» አለች። «እኔ ለአንተ የሰጠሁትን ለማንም አልሰጠሁም።»

ወርዳ ሄደች። እጄ ከኪሴ ወጥቶ የደረጃውን ብረት ያዘ፤ ብረቱም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ብዙም ሳትቆይ ሩቅ ወዳለው ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቃ ሄደች ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ቤት ውስጥ አሳለፍኩት። ጠዋት መስኮት፣ ከሰዓት መስኮት። ግራ እጄም ጀመረው። እማዬ ምንም አላወቀችም ብዬ እጽናና ነበር። አንድ ቀን የታጠበ ሸሚዜን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቁልፎቹ ሁልጊዜ እንደተቆለፉ ነው የሚታጠቡት» አለችኝ። «በራስህ ላይ እየጎተትክ ነው የምታወልቀው። እናትህ እስከ መቼ ነው ሞኝ የምትሆንልህ?»

እንደ ልጅ ጉያዋ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት።

«ያቺ በስልክ ሳቋን የምሰማት ልጅስ?»

«ሄደች።»

«ሄደች ወይስ አባረርካት?»

ፊቴን በሸሚዙ ሸፈንኩ።

«ሆድ ይፍጀው ብለህ ነዋ! ልጄ፣ ሆድ ሁሉን አይፈጅም።»

አሁን የምነግራችሁን እኔ አላየሁትም፤ ያቺው ሄደች ያልኳት ናት ኋላ የነገረችኝ። አንዱ ቅርንጫፍ ሠንጠረዡ ላይ አዲስ አምድ ይጨምራል። ማክሮው ይህን አያውቅም፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው እየጻፈ ሪፖርቱን ያበላሸዋል። ጸሐፊዋ ቁልፏን ደጋግማ ብትጫን ያው ነው። አለቃው እሷን ከሩቁ ቅርንጫፍ አስጠራት። የእኔን ፋይል ልትነካው እየቀፈፋት ከፈተችው። ችግሩ የት ላይ እንደሚፈጠር ለማየት መጀመሪያ ያደረገችው ያቺን የመጋረጃ መስመር ማጥፋት ነበር። ከዚያ አንድ አንድ ትእዛዝ እያስኬደች ማየት ጀመረች።

ቢ ሰባት። ቢ ስምንት። ቢ ሰባት። ቢ ዘጠኝ...

«መጀመሪያ ሳቅኩ» ብላኛለች። «ሰነፉ ጠጥቶ ነው የቀዳው አልኩ። እንደገና አስኬድኩት። አንዲትም ሴል በአንዴ አላገኘሃትም። አንዲትም ሴል ደግሞ ሳታርም አላለፍክም። ሰነፍ ሰው እንደዚያ አይለፋም! ያኔ ሻዩ ትዝ አለኝ። ኪስህ ትዝ አለኝ፣ ያልበላኸው ዳቦ ትዝ አለኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ አጠገብህ ተቀምጬ ያላየሁትን እጅህን አንተ በሌለህበት አየሁት።»

አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ «ስህተቱ ተገኘ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተገኘ» አለችው፣ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ። እኔ...»

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ግቢ።»

ሾርባ እየጠጣሁ ነበር። ፎጣ አንገቴ ላይ ታስሯል፣ ግማሹ ሾርባ ፎጣው ላይ ነው። ከሰው ሁሉ እሷ እንዲህ እንድታየኝ አልፈልግም ነበር። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«ውጪ!» አልኩ።

«አልወጣም።»

«ሐዘኔታ አልፈልግም!»

«ማን አዘነልህ? ተናድጄ ነው የመጣሁት! ለማክሮው ነበር ያልከኝ አንተ አይደለህም? እሱን ሳስብ ስንቱን ቀን በእንባ እንዳሳለፍኩ ታውቃለህ? አሁን እስቲ ዓይን ዓይኔን እያየህ ድገመው!»

አየኋት። ግንባሯን ሳይሆን ዓይኗን።

«ዋሸሁሽ» አልኩ።

«ለምን?»

«ይህ እጅ ነገ ፊትሽን እንኳ መዳሰስ አይችልም። ከነገ ወዲያ ምላሴ ይከተላል። ሐኪሙ ነግሮኛል። መጨረሻው የታወቀ ነገር ውስጥ አላስገባሽም።»

መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች። ቀኝ እጄን በሁለት እጇ አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጉንጯም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

«ማክሮህን አስተካከልኩት» አለች ቀስ ብላ። «ስህተትህን ሁሉ አጸዳሁት፤ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያንተን ግን አልጣልኩትም። ቅጂውን ይዤዋለሁ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የአንተ እጅ ነው።»

እማዬ ከበሩ ጀርባ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«ያልቃል እኮ» አልኳት። «ገባሽ? ያልቃል።»

«እንግዲያው ሳያልቅ እንጀምር!»

ተአምር የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አልመጣም። በእማዬ ሳሎን ተጋባን። የእኔን ቀለበት ጣቴ ላይ ያደረገችው እሷ፣ የራሷንም ጣቷ ላይ ያደረገችው እሷ ናት። «ሰነፉ፣ ይህንንም እኔ!» ስትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ጠዋት ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፤ ማታ ትፈታልኛለች። የምትስቅባቸው ቀኖች አሉ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ የምትቆይባቸው ቀኖችም አሉ፤ ውኃው ለምን እንደሚፈስ አውቃለሁ፣ አልጠይቃትም።

ዛሬ ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ ተጋድመዋል። ሐኪሙ እንዳለው ምላሴም ተራው ደርሶታል። ይህን ታሪክ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ቢሮው በጣለው፣ ሻይ በጠጣው በዚያ ኪቦርድ። አንዳንዱ ፊደል እስከ ዛሬ... እስከ ዛሬ... እስከ ዛሬ ይጣበቃል።

«እዚህ ጋ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ፤ አጥፊው» አልኳት አሁን።

«አላጠፋም።»

«አንባቢ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። መቅጃው ስህተትንም ይቀዳል ብዬ አስተምሬሃለሁ። ድምፅህ የጠፋ ቀን ቁጭ ብዬ የማነበው ይህንን ነው። የምፈልገው ራስህን እንጂ የታረመውን አይደለም።»

ፊቷን ከስክሪኑ አላነሣችም። ጣቶቿ ግን ቆመዋል።

«በምን እንጨርሰው?» አልኳት።

«እንደመጣልህ ተናገር። እኔ እንዳለ እጽፈዋለሁ።»

እንደመጣልኝ ይኸው፦

«እ... እወ... እወድ... እወ... እወድሻለሁ።»